ስለ ቤተ ክርስቲያን ደንና በፈቃዳቸው ስለ ጠበቁት ሰዎች



የኢዮቤልዩ በዓል፥ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተሠራው ሥርዐት፥ የሰው ዕረፍት ብቻ አልነበረም፤ የምድርም ዕረፍት ነበረ። በ50ኛው ዓመት እስራኤል እንዳይዘሩና እንዳያጭዱ፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ታዝዘው ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩዋን የምታከብር ቤተ ክርስቲያን፥ ስለ ሕንፃዋና ስለ አገልጋዮቿ ታሪክ ስትናገር፥ ሕንፃው ስለ ቆመበት ምድርና ምድሩን ስለ ሸፈነው ዛፍ ጥቂት ቃል ብትጨምር ከበዓሉ ነገር የወጣ አይሆንም።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ደን ስላስተከሉ ነገሥታት ብቻ አይደለም። ደመወዝ ሳይቈረጥላቸው፥ ስማቸውም በመዝገብ ሳይጻፍ፥ ድንጋይ ተሸክመው፥ ከብት መልሰው፥ ችግኝ አጠጥተው ደኑን ለእኛ ስላደረሱልን ሰዎች ነው። ነገሩን በአጭሩ ለመናገር፥ ደን በትእዛዝ ሊተከል ይችላል፤ ዕድሜ የሚያገኘው ግን በፈቃዳቸው የሚጠብቁት ሰዎች ሲኖሩት ነው። ይህንንም ከአገራችን ታሪክ እየጠቀስን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በትእዛዝ ስለ ተተከለው ደን

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን ተራራው ተራቍቶ ስላገኙት፥ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት ተብሎ ይተረካል። በኋላም ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዳይቈረጥ አስጠብቀውታል። ዛሬ የመንግሥት ደን ሆኖ፥ ጥዱንና ዝግባውን፥ ጕሬዛውንና ወፉን ለማየት የሚወድ ሁሉ ይሄድበታል። ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሚተረከው እውነት ከሆነ፥ ይህ ደን በሰው እጅ ተተክሎ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ነገር ግን ልብ እናድርግ፤ የንጉሥ ትእዛዝ በአንድ ቀን ይነገራል፤ ጥድ ግን ጥድ እስኪሆን የብዙ ሰው ዕድሜ ይፈጃል። በትእዛዙ ቀንና በእኛ ቀን መካከል ከብቱን የመለሱ፥ እሳቱን ያጠፉ፥ ምሳር ይዞ የመጣውን የገሠጹ ሰዎች ነበሩ። የነገሥታቱን ስም ታሪክ ይዞታል፤ የእነዚያን ግን የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ የባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ፥ ለቤት ሥራና ለማገዶ የሚሆነው እንጨት በዙሪያዋ አለቀ። ከዚህም የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ በዚያ የሕንፃ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን መነሻው ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን ገብቶ ስለ ነበር፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚደርስ፥ ሲቈረጥም ከጕቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ከተማይቱ ካለችበት እንድትቀር ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለዚህ ሥራ በር ከፈተ፤ ነገር ግን ዛፉ እንዲህ የተስፋፋው እያንዳንዱ ባለ ግቢ ጥቅሙን በዐይኑ አይቶ በገዛ እጁ ስለ ተከለው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረኃብ በኋላ፥ የተራቈተውን ተራራ መልሶ በዛፍ ለመሸፈን ታላቅ ዘመቻ ተጀመረ። ገበሬው እርከን እየሠራ፥ ችግኝ እየተከለ፥ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ይቀበል ነበር። በዚህ ዐይነት ብዙ ተራራ ታጥሮ አረንጓዴ ለበሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን፥ በብዙ ቦታ ሕዝቡ የገዛ እጁን ተክል ቈረጠው። ይህን የሰማ ሰው ገበሬውን አላዋቂ ነው ብሎ ቢፈርድበት ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ገበሬው ዛፉን የተከለው ለእህሉና ለትእዛዙ ነበር፤ ዛፉ የማን እንደ ሆነ፥ ፍሬውንም ማን እንደሚበላ የነገረው አልነበረም። ትእዛዙ ሲቀር እህሉም ቀረ፤ ዛፉም ጠባቂ አጣ።

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስለ ቀረው ደን

በዚያው ዘመን፥ በዚያው አገር፥ ከተቈረጠው ተራራ ሥር ሳይነካ የቀረ ደን ነበረ። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ከከፍታ ላይ ሆኖ ምድሩን ለሚመለከት ሰው፥ በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ የተቀመጠ አረንጓዴ ነገር ይታየዋል። በእያንዳንዱም ክብ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጕልላት አለ። በመላው የሰሜን ደጋ እንዲህ ያሉት ደኖች በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምድር ከመቶው 40 እጁ በደን የተሸፈነ ነበረ ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገሩን የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት ግን ለዚህ ቍጥር የሚያጸና ማስረጃ አላገኙለትም። የሰሜኑ ደጋ ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በበሬ የሚታረስ፥ ከብት የሚሰማራበት አገር ነበረ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ደን ትናንት ከጠፋ ታላቅ ደን ተቈርጦ የቀረ ቍራጭ ብቻ ነው ማለት አይገባም። በእርሻና በግጦሽ መካከል፥ ትውልድ ለትውልድ እያስተላለፈ፥ አስቦበት ያቆየው ነገር ነው። ሳይታሰብበት የቀረ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ጊዜ በፊት በጠፋ ነበር።

የአሠራሩን ሥርዐት እናንተ ታውቁታላችሁ። በክብ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ በውስጥ፥ ቅድስቱ በመካከል፥ ቅኔ ማኅሌቱ በውጭ ሆኖ ይሠራል። ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ ዐፀዱ አለ፤ ከዐፀዱም ቀጥሎ ደኑ። እንግዲህ ደኑ ለዚህ ሥርዐት የመጨረሻው ቅጥር ነው። መንገደኛው ከፀሓይ ወደ ጥላ ሲገባ፥ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግና ሲሳለም፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን መድረሱን የሚያስታውቀው አስቀድሞ ዛፉ ነው። ከዛፉም ሥር የቈሎ ተማሪው ጎጆውን ይቀልሳል፤ አባትና እናት ይቀበራሉ፤ ሙግት የያዙ ሰዎች በሽማግሌ ፊት ይታረቃሉ።

ደኑ እንዲሁ የሚታይ ብቻ አልነበረም፤ በልክም ይጠቀሙበታል። ጥዱ ለሕንፃው፥ ዋንዛው ለከበሮው ይውላል። ንቡ ከአበባው ይቀስማል፤ ምንጩም ከሥሩ ይፈልቃል። ነገር ግን የሚቈረጠው ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲሆን፥ ያውም አለቃውና ሽማግሌዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ከዚህ ወጥቶ ለገዛ ቤቱ የሚቈርጥ ሰው፥ ዳኛ ሳይጠራው ጎረቤቱ ይፈርድበታል፤ የንስሓ አባቱም ይገሥጸዋል።

በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ምድርም ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። በዚያ አገር አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፥ ቀንድ ያለው ከብትም እንዳይረባበት አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ሕዝቡም ቃሉን ጠብቆ፥ በእርሻ ፋንታ ቡናና ጌሾ ከዛፍ ሥር እያለማ ኖረ፤ ደኑም እስከ ዘመናችን ደረሰ። ይህን ሥርዐት ወታደር አላስጠበቀውም። ያስጠበቀው፥ ቃሉ የእኛ ነው ብሎ የተቀበለው ሰው ነው። በሌላውም አጥቢያ ቢሆን፥ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ወይም ቅጥር ሲፈርስ፥ ሕዝቡ እንደ ደቦና እንደ ጅጌ ተጠራርቶ፥ እርሻ በማይታረስበት ቀን ድንጋይና እንጨት ሲሸከም መኖሩ የታወቀ ነው። ዛሬ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚባለው ነገር ስሙ አዲስ ቢሆን እንጂ ግብሩ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

አሮጌ ዛፍ ልጅ ሲያጣ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ያለፈውን ምስጋና ነው። አሁን ደግሞ የሚያሳስበውን ነገር መናገር ይገባል።

ጣልያኖች በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአውሮፕላን ያነሡት የሰሜን ኢትዮጵያ ፎቶግራፍ አለ። ይህን ፎቶግራፍ ተመራማሪዎች በቅርብ ዘመን ከሰማይ ከተነሣው ጋር ባመሳከሩት ጊዜ፥ የብዙው ቤተ ክርስቲያን ደን ስፋቱ እንደ ተፈራው ጠፍቶ አላገኙትም። ነገር ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፥ ቀድሞ በደኑ ዙሪያ የነበረው ቍጥቋጦ ታርሶ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ቀድሞ በቍጥቋጦ ተከልሎ የነበረው ደን፥ ዛሬ ነፋስና ፀሓይ በቀጥታ የሚመታው፥ በእርሻ የተከበበ ደሴት ሆኗል። ሁለተኛ፥ በአንዳንዱ ቦታ ስፋቱ ያልቀነሰው፥ የአገሩ ዛፍ በቀረበት ባሕር ዛፍ ስለ ገባበት ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ፥ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ታገኘው የነበረው ገቢ ቀረባት። ከዚያ ወዲህ ለአገልጋዮች መተዳደሪያ፥ ለቆርቆሮ መግዣ፥ ብዙ አጥቢያ ባሕር ዛፍ መትከልን እንደ መፍትሔ ያዘ። ሕዝቡም በዛ፤ እርሻው ጠበበ፤ የግጦሽ ቦታ ያጣው ከብት ወደ ዛፉ ጥላ ገባ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደኑን ለማጥፋት ያሰበ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ነገር ግን ክፉ ሳይታሰብበት የሚጠፋ ነገር ብዙ ነው።

የከብቱ ጕዳት እንዴት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የደን ሳይንስ ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ምርመራ፥ 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረው አግኝተዋል። ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ጥቍር እንጨቱ፥ ብሳናው፥ እሸው፥ ብርብራው በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ተጠብቀው ይገኛሉ። ነገር ግን ከአሮጌው ዛፍ ሥር ልጁን ሲፈልጉት በብዙ ቦታ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የበቀለውን ችግኝ ከብቱ ይበላዋል፤ ያልበላውን ይረግጠዋል። ከብት እንዳይገባ ታጥሮ በተፈተነው ቦታ ግን ችግኙ በቅሎ አደገ።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ብዙ ሰው ዘሩ ከአፈሩ ውስጥ ስላለ፥ ዛፉ ቢቈረጥ እንኳ አንድ ቀን ይበቅላል ብሎ ይታመናል። ከደኑ አፈር ተወስዶ ሲመረመር ግን፥ ከአፈሩ የሚበቅለው አብዛኛው ሣርና አረም ሆኖ ተገኘ። የአብዛኛው ታላላቅ ዛፍ ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን አይቈይም። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ልጅ ሳትተካ ከወደቀች፥ ዐይነቷ ከዚያ ደን ጠፋ ማለት ነው። የቅርቡም ደን በእርሻ ማዶ ርቆ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ዘሩን ወፍ ካላመጣው በቀር ተመልሶ አይመጣም። ደኑ በሩቅ ሲያዩት የተሟላ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅ እንደሌለበት የሽማግሌዎች ቤት ነው።

የትንሹ ደን አደጋ ከትልቁ ይልቅ እንደሚከፋ በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይቻላል። ወርዱም ርዝመቱም 100 ሜትር የሆነ የአንድ ሄክታር ደን አለ እንበል። ከብቱና ነፋሱ ከአራቱም ወገን 20 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢዘልቁ፥ ሳይነካ የሚቀረው ወርዱም ርዝመቱም 60 ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ይኸውም ከ10,000 ካሬ ሜትር ውስጥ 3,600 ብቻ ነው። ደኑ አንድ ሄክታር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ በእውነቱ ግን ከሲሶው ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ቀርቷል።

ስለ ድንጋዩ ካብ

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፥ በዛፍ ጫፍ ላይ ያለውን ሕይወት በመመርመር ከታወቁት ከአሜሪካዊቷ ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው፥ የደቡብ ጎንደርን ካህናት ሰብስበው ስለዚህ ነገር አወያዩአቸው። ደኑ ከሰማይ ሲታይ ምን እንደሚመስል በሥዕል አሳዩአቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከዛፉ ሥር ሆነው የኖሩ አባቶች፥ ያደጉበት ደን በእርሻ መካከል እንደ ነጥብ ትንሽ ሆኖ ባዩት ጊዜ ነገሩ ልባቸውን ነካው።

ከዚያም መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ ሳይሆን፥ በእግራቸው ሥር ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም ድንጋይ ነው። የደቡብ ጎንደር እርሻ ድንጋይ የበዛበት ነው። ድንጋዩ ማረሻ ይሰብራል፤ በሬ ያደክማል። ያንኑ ድንጋይ ከማሳው ለቅመው በደኑ ዙሪያ ቢክቡት፥ እርሻውም ይጠራል፤ ደኑም ይከበራል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በዣራና በሌሎችም አጥቢያዎች ምእመናኑ ድንጋዩን ተሸክመው ካቡን ካቡት፤ በውጭ አገር ካሉ ወዳጆች የተሰበሰበ ገንዘብም ሥራውን ረዳ። ካህናቱ ዐወጁ፤ ሽማግሌዎቹ ወሰን አመለከቱ፤ ጕልማሳው ተሸከመ።

በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ልናስተውል ይገባል። መጀመሪያው፥ ካቡ በአንዳንድ ቦታ ከመጨረሻው ዛፍ አጠገብ ሳይሆን ጥቂት ወደ ውጭ ወጥቶ መሠራቱ ነው። ይህ ማለት ደኑ የሚያድግበት ባዶ ቦታ ተተወለት ማለት ነው። አንድ ገበሬ ከጠበበው ማሳው አጠገብ ለሚመጣው ዛፍ ቦታ ሲተው፥ ያ ስጦታ ከድንጋዩ ይልቅ ከባድ ነው። ሁለተኛው፥ ካቡን የካበ ሰው ጠባቂ መሆኑ ነው። በገንዘብ የተገዛ አጥር ቢፈርስ ሰው የገዛውን ይጠብቃል፤ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ የካበው ሲፈርስ ግን ዛሬውኑ ይመልሰዋል። የእህሉ ዘመን ተክል ያጣው ይህን ነው።

ተቃውሞ አልነበረም፥ አይኖርምም ብለን አንሸነግልም። አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት፥ በበጋ ሌላ ሣር ስታጣ ላሟን ወደ ደኑ ጥላ ብታስገባ፥ ይህ ክፋት ሳይሆን ችግር ነው። ካቡ ሲዘጋባት ጕዳቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ካብ የሚክብ አጥቢያ አስቀድሞ ስለዚህች ሴት ማሰብ አለበት። ሣሩ ከውስጥ በማጭድ ታጭዶ ለችግረኞች እንዲሰጥ ቢደረግ፥ ላሚቱም ትበላለች፤ ችግኙም አይረገጥም። ስለ ደኑ ተብሎ ድኻ የተበደለበት እንደ ሆነ ግን፥ በቀን የተካበው በሌሊት ይፈርሳል።

ለእኛ የቀረው ሥራ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያም ወዲህ ክረምት በመጣ ቍጥር ብዙ ሕዝብ ለተከላ ይወጣል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመታት ሥራ ነው። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ችግኝ የሚተክል ሰው ብዙ ነው፤ በየካቲት ፀሓይ ውሃ ተሸክሞ ተመልሶ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚፈተነው በዚህ በሁለተኛው ጕዞ ነው።

ደን ያለው አጥቢያ ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ይወቅ። ሽማግሌዎች የዛፉን ስም ያውቃሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መጻፍና መቍጠር ያውቃሉ። ሁለቱ አብረው ደኑን አንድ ቀን ቢዞሩት፥ ምን ያህል ጥድ፥ ምን ያህል ወይራ፥ ምን ያህል ዝግባ እንዳለ፥ ከየዐይነቱም ልጅ ያለው የትኛው፥ ልጅ ያጣውም የትኛው እንደ ሆነ ይታወቃል። ይህ መዝገብ ከንዋያተ ቅድሳቱ መዝገብ አጠገብ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። የሚመጣው ትውልድ ምን እንደ ተቀበልንና ምን እንዳስረከብን በእርሱ ይጠይቀናል።

ቀጥሎ እንደ ወራቱ መሥራት ይቻላል። መከሩ ከገባ በኋላ በበጋው ድንጋይ ይለቀማል፥ ካብ ይካባል። ከገዛ ደናችን እናት ዛፎች ዘር ተለቅሞ ችግኝ ይፈላል፤ ከሩቅ ከመጣ ዘር ይልቅ የቦታውን ብርድና አፈር የለመደ ነውና። በክረምት ይተከላል፤ በሚቀጥለው በጋ ውሃ ይጠጣል። ባሕር ዛፍ የሚያስፈልገው አጥቢያም ከደኑ ውስጥ ሳይሆን ከደኑ ርቆ፥ ከምንጭና ከማሳ ሳይጠጋ፥ ለብቻው ይትከለው። ባሕር ዛፍ አገራችንን እንደ ረዳ ተናግረናል፤ ነገር ግን ረዳት በባለቤት ቦታ ሊቀመጥ አይገባውም።

በከተማ ያለ፥ ከቅጥሩ ውስጥ ጥቂት ዛፍ ብቻ የቀረለት አጥቢያም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። በመናገሻ ደን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ጥድ የሚወርስ ችግኝ ጠባቂ ይፈልጋል። በእንጦጦ ተራራ ባሕር ዛፉን በአገር ዛፍ የመተካት ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል፤ እርሱም እጅ ይፈልጋል። የሕዝብ ደን የሚባለው የማንም ያልሆነ ደን ማለት አይደለም፤ ሁሉ የሚጠየቅበት ደን ማለት ነው። የገጠር ምእመን በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደኑን እንደሚዞር፥ የከተማው ምእመንም በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ቈጥሮ ለዚህ ቢሰጥ፥ ስጦታው ከገንዘብ ስጦታ አያንስም።

ክብርና ፍርሀት ብቻ ደኑን ይጠብቁታል ብለን የምንቀመጥበት ዘመን አልፏል። ከብት ክብር አያውቅም፤ ነፋስም አይፈራም። አባቶቻችን ደኑን ያቆዩት ስላከበሩት ነው፤ ነገር ግን በዘመናቸው ቍጥቋጦው ይከልለው ነበር፤ ግጦሹም ሰፊ ነበር። እኛ ቍጥቋጦው በጠፋበት ዘመን ስለ ተገኘን፥ ክብሩን በእጃችን ሥራ ልናሳየው ግድ ሆነብን። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው፥ አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት ነበር፤ ሁለቱ ሥራዎች አልተለያዩም።

ዛሬ ከዘር የተነሣ ጥድ ሕንፃ የሚሸከም ምሰሶ ሲሆን፥ ከዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች የሚበዙት አይኖሩም። በዚህ ቤተ ክርስቲያን በሚመጣው ኢዮቤልዩ የሚቆሙት ልጆቻችን ግን ከጥላው ሥር ይቆማሉ፤ ጥላ ከሌለም ለምን እንደሌለ ይጠይቃሉ። የደኑን ጠባቂዎች ስም አባቶቻችን እንዳልጻፉት እኛም ላንጽፈው እንችላለን፤ ካቡ ግን ይቆማል፤ ችግኙም ያድጋል። እግዚአብሔር ለዚህ ሥራ ፈቃድና ጕልበት ይስጠን።